የጉልበት ቀዶ ሕክምና፦ ፕሮፎርማው ላይ ያልተጻፈው ዋጋ



የጁሙዓ ሶላት ተሰግዶ እንዳበቃ «ጀመዓዎች፣ ለአንድ ጉዳይ ትንሽ ታገሱን» የሚል ድምፅ የምንሰማበት ቀን ጥቂት አይደለም። አንድ ወንድም የእናቱን ራጅና የሆስፒታል ወረቀት ይዞ ይቆማል። እናቱ በጉልበት ሕመም መራመድ እንዳቃታቸው፣ ውጭ አገር ሄደው ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው እንደሚሻላቸው፣ የተጠየቀውም ገንዘብ ይህን ያህል ዶላር እንደሆነ ይነገራል። ጨርቅ ይነጠፋል፤ እኛም አላህ የሰጠንን ጣል አድርገን እንወጣለን። መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን ከመካከላችን «ይህ ገንዘብ የምን የምን ዋጋ ነው? እዚህ አገርስ አይሠራም ወይ? ሲመለሱስ ማን ያያቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። መጠየቅ እንደ ንፉግነት ይቆጠራል።

እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ፋርማሲ ውስጥ እየሠራሁ፣ በየቀኑ የጉልበት ሕመምተኞችን እያስተናገድኩ፣ በገዛ ቤተሰቤ ላይ ሲደርስ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ቀረሁ። የዚህ ወር ጽሑፌ ምክንያትም ይኸው ነው።

የእኛ ቤት ሂሳብ

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ለብዙ ዓመት ግራ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ኖረው በመጨረሻ ከፎቅ መውረድ አቃታቸው። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው «እናቴን የፈለገው ገንዘብ ይውጣ፣ ውጭ ነው የማሳክማት» አለች። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ካለ የግል ሆስፒታል፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ አገናኝ በኩል ከሕንድ የመጡ ነበሩ። ከሕንድ ከመጡት አንዱ ለአንድ ጉልበት 5,200 ዶላር ይላል። የአዲስ አበባው ሲመነዘር ከዚህ በ1,000 ዶላር ግድም ይበልጣል። እንግዲህ እንደ ሽንኩርት ዋጋ አወዳድረን በአንድ ምሽት ወሰንን። ርካሹን መረጥን፤ በዚያ ላይ «ውጭ አገር» ነው!

ከተመለሱ በኋላ ደረሰኞቹን ሰብስቤ ደመርኩ። ለሆስፒታሉ 5,200 ዶላር። ለእሳቸውና ለአስታማሚያቸው የአውሮፕላን ትኬት 1,200 ዶላር። ለ25 ቀን የእንግዳ ማረፊያ 875 ዶላር። ለምግብና ለታክሲ 300 ዶላር። «ፓኬጁ ውስጥ የለም» ለተባለ ምርመራና ለፊዚዮቴራፒ 700 ዶላር። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ኦፕሬሽኑ በአምስት ቀን ስለተራዘመ የትኬት ቅያሪ 250 ዶላር። ጠቅላላ ድምሩ 8,525 ዶላር ሆነ። የቪዛውንና ልጃቸው ከሥራ የቀረችበትን አልቆጠርኩም። ርካሽ ያልነው ከውዱ በልጦ ተገኘ።

ገንዘቡስ ይሁን። በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበታቸው አበጠ፤ ቀላ፤ ከቁስሉም ፈሳሽ መውጣት ጀመረ። ይዘናቸው የሄድንበት የአጥንት ሐኪም ሦስት ጥያቄ ጠየቀን። የተተከለው መገጣጠሚያ ዓይነቱና መጠኑ ምንድን ነው? በሆስፒታሉ ምን ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣቸው? የኦፕሬሽን ሪፖርቱ የታለ? በእጃችን የነበረው «የግራ ጉልበት ሙሉ ቅየራ ተደርጎላቸዋል» የምትል አንዲት ገጽ ናት። ለሆስፒታሉ ጻፍን፤ መልሱ ዘገየ። አገናኙ ስልክ ማንሳት አቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ጉልበታቸው ተከፍቶ ታጠበ፤ ለሳምንታትም ፀረ ባክቴሪያ ወሰዱ። ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳሉ። ጉልበታቸው ግን እንደታሰበው አይታጠፍም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን በጥሩ ሆስፒታሎችም ከመቶ ታካሚ በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ይደርሳል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ዋጋ ስናወዳድር ያወዳደርነው የኦፕሬሽኑን ቀን ብቻ ነበር። የጉልበት ቀዶ ሕክምና ግን የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። ወራት የሚወስድ ክትትል ያለው፣ ዕቃውም በሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ነገር ነው።

ከ«የት?» በፊት «ምን?»

ብዙ ቤተሰብ «ኦፕሬሽን ያስፈልጋቸዋል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው የአገር ምርጫ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ መለየት ያለበት ግን የትኛው ኦፕሬሽን የሚለው ነው፤ «የጉልበት ኦፕሬሽን» የሚባለው አንድ ነገር አይደለምና።

በዕድሜ በገፉ ወላጆቻችን ላይ በብዛት የሚታየው የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። በዚህ ሕመም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል እየሳሳ ይሄድና አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ሕመሙ እጅግ ሲብስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የመገጣጠሚያ ቅየራ ነው። ያለቀው የአጥንት ጫፍ ተጠርቦ በብረት ይሸፈናል፤ በመካከሉም ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ሌላው ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ጉልበትን ማጠብና የተቀደደውን መጥረግ ነው። ይህኛው ዋጋው ስለሚያንስ ለአዛውንቶች «ለጊዜው ይህን እንሞክር» ተብሎ ሲቀርብ ይታያል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ውጤት 180 ሕመምተኞችን ይመለከታል። ለከፊሎቹ ጉልበታቸው በካሜራ ታጠበ ወይም ተጠረገ። ለቀሪዎቹ ግን ቆዳቸው ብቻ ተሰንጥቆ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ክትትል ትክክለኛው ኦፕሬሽን የተደረገላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ምክራቸውን ያወጡ የተለያዩ አገራት ባለሙያዎች፣ በዕድሜ ላረጀ ጉልበት ይህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግ አጥብቀው መክረዋል። ኳስ ሲጫወት ጅማቱ የተበጠሰበት ወጣት ጉዳይ ሌላ ነው። ለእናታችን ላረጀ ጉልበት ግን የማይጠቅም ኦፕሬሽን በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ መኖሩ ነው። ከስብራት በተለየ ያረጀ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ዛሬውኑ ካልተሠራ የሚባል አይደለም። የመገጣጠሚያ ቅየራ የሚታሰበው ክብደት መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና መድኃኒት ተሞክረው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳና ኑሮን ሲያግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። አምስት ኪሎ የቀነሱ እናት ከጉልበታቸው ሃያ ኪሎ አወረዱ ማለት ነው። ይህ ፕሮፎርማ አያስፈልገውም።

ቅየራው በትክክለኛው ሰዓት ሲደረግ ትልቅ ኒዕማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከመቶ የተተኩ ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ያህል በውጤቱ ሙሉ በሙሉ ደስተኛ እንደማይሆን የተለያዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለቱንም አውቆ መወሰን ነው ደጉ።

ዋጋው ከምን ከምን ይሠራል?

አንድ ፕሮፎርማ ላይ «ጠቅላላ ዋጋ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በውስጡ ብዙ ነገር አለው። የቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ የኦፕሬሽን ክፍሉ፣ የአልጋው፣ የመድኃኒቱና የተተኪው መገጣጠሚያ ዋጋ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የተተኪው ዕቃ ዋጋ አንዱ ትልቁ ነው፤ ብዙ ልዩነትም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የሕንድ ምሳሌ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የአገሪቱ የመድኃኒት ዋጋ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ለጉልበት ተተኪ ዕቃዎች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ታካሚው በአማካይ 158,000 ሩፒ ግድም ይከፍልበት የነበረው የኮባልት ክሮሚየም ጉልበት ከቀረጥ በፊት ከ54,720 ሩፒ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ዕቃው አልተለወጠም፤ ጥራቱም አልቀነሰም። የወረደው በአስመጪ፣ በአከፋፋይና በሆስፒታል መካከል ሲጨመር የነበረው ትርፍ ነው። እንግዲህ «ውድ የሆነው ዕቃው ስለሚሻል ነው» ስንባል ይህን ማስታወስ ይገባናል።

ውድ ዋጋ የጥራት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ከአሜሪካም መረጃ አለ። ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ የተባለው የጤና መድን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ በዳላስ አካባቢ ብቻ የጉልበት ቅየራ ዋጋ እንደየሆስፒታሉ ከ16,772 እስከ 61,585 ዶላር ይደርስ ነበር። በአንድ አካባቢ፣ ለአንድ ዓይነት ኦፕሬሽን ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት! ስለዚህ ዋጋን ብቻ አይቶ «ይህ ውድ ነው፣ ጥሩ ይሆናል» ማለትም፣ «ይህ ርካሽ ነው፣ አተረፍን» ማለትም ስህተት ነው።

በዶላር የተጻፈ ዋጋ ሌላም አደጋ አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ሰብስቦ በዶላር ለሚከፍል ቤተሰብ ፕሮፎርማው ከተጻፈበት ቀን እስከ ጉዞው ቀን ያለው ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው ማለት ነው።

ስለ ሱጁድ የሚሸጥልን ነገር

ለኛ ለሙስሊሞች የጉልበት ጉዳይ ከመራመድ ያለፈ ነው። ሱጁድ አለ፤ በተሸሁድ መቀመጥ አለ። አክስቴ ገና ሳይሄዱ አገናኙ «ለእናንተ ለሰጋጆች የሚሆን፣ ብዙ የሚታጠፍ ልዩ ጉልበት አለ፤ ትንሽ ይጨመርበታል» ብሎን ነበር። ስንቱ ልጅ ለእናቱ ሱጁድ ሲባል እምቢ ይላል?

እውነታው ይህ ነው። ከተለመደው ቅየራ በኋላ አብዛኛው ሰው ጉልበቱ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ይታጠፍለታል። ይህ ወንበር ላይ ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ይበቃል። ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ከዚያ ብዙ ያስፈልጋል። «ብዙ ይታጠፋል» የሚባለው ዕቃ ከተለመደው ጋር ሲወዳደር በመታጠፍ በኩል ጎልቶ የሚታይ ብልጫ እንደሌለው ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ አሳይተዋል። በሕንድ የ2017 ዋጋ ጣሪያም ይህኛው ዕቃ 56,490 ሩፒ ነበር፤ ከተለመደው በሁለት ሺህ ሩፒ እንኳን አይበልጥም። ለዚህ ብሎ በመቶዎች ዶላር ማስጨመር የሃይማኖታችንን ስሜት መነገጃ ማድረግ ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ በይበልጥ የሚወስነው ከኦፕሬሽኑ በፊት ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚዮቴራፒ ትጋት ነው።

ደግሞስ አላህ (ሱ.ወ.) ዲኑን ገር አድርጎልናል። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ስለ ሶላታቸው ጠይቀው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ወንበር ላይ የሚሰግዱ እናት ሶላታቸው የጎደለ የሚመስላቸው ከሆነ ኢማማቸውን ይጠይቁ እንጂ ለዚህ ሲባል ቤት አይሸጥም። ለሐኪሙም «እሰግዳለሁ፤ በጉልበቴ መንበርከክ እችላለሁ ወይ? ከስንት ወር በኋላ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለበትም። መንበርከክ ቢያሳምምም ያለችግር የሚፈቅዱ ሐኪሞች አሉ፤ እንደታካሚው ሁኔታ የሚከለክሉም አሉ።

ከመድኃኒት ባለሙያ ሦስት ነገር

አንደኛ፣ ኦፕሬሽን እስኪደርስ በሚል ሰበብ የዳይክሎፍናክ መርፌና እንክብል ለወራት የሚወስዱ ብዙ ናቸው። ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ለማደንዘዣ የማይመች አካል ይሠራሉ። ስኳርም እንዲሁ ነው። በደንብ ያልተያዘ ስኳር ቁስል እንዲያመረቅዝ ያደርጋል። አክስቴ አምስት ቀን ሆቴል የከፈሉት እዚህ በነፃ ሊስተካከል ይችል በነበረ ስኳር ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ከጉልበት ቅየራ በኋላ ደም በእግር ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ሕይወት ያጠፋል። ይህ አደጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ነው፤ ለረጅም ሰዓት በአውሮፕላን ታጥፎ መቀመጥም ያባብሰዋል። ስለዚህ የመመለሻ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መቼ መብረር እንደሚፈቀድ ሐኪሙን በጽሑፍ ጠይቁ። ሐኪሙ ከሚፈቅደው ቀን በፊት የሚመልስ ፓኬጅ ርካሽ የሆነው በታካሚው ነፍስ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ደም እንዳይረጋ በብዛት የሚታዘዘው ኢኖክሳፓሪን የተባለው መርፌ የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ከሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ታካሚዎች ለማንም ሳይናገሩ መርፌውን ይተዋሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው! በሐራም ነገር የመታከም ጉዳይ በሌለ አማራጭና በችግር ጊዜ ያለው ሑክም የታወቀ ስለሆነ ዑለሞችን ጠይቁ። ለሐኪሙም አስቀድማችሁ ንገሩት። እንደ ሪቫሮክሳባንና አስፕሪን ያሉ ከአሳማ የማይዘጋጁ የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ለየትኛው ታካሚ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። በራስ ውሳኔ መተው አይቻልም።

ታዲያ የት ይደረግ?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የጉልበት ቀዶ ሕክምና መደረግ ያለበት ኦፕሬሽኑን የሠራው ሐኪም በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ ጉልበቱን ዳግም ሊያይ በሚችልበት ቦታ ነው። ይህ በአገር ውስጥ ከተገኘ ፕሮፎርማው ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ቢልም እንኳ ቅድሚያ ይሰጠው። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ያሉትን የአጥንት ሕክምና ክፍሎች፣ በእነዚሁ ሆስፒታሎች ውስጥ ያለውን «ፕራይቬት ዊንግ» የሚባለውን አገልግሎትና የግል ሆስፒታሎችን ሦስቱንም ሳይጠይቁ ፓስፖርት ማውጣት ተገቢ አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ሊረዝም ይችላል። ነገር ግን ያረጀ ጉልበት ብዙ ጊዜ ወረፋ ይጠብቃል ብለናል። ወረፋው እስኪደርስ ክብደት መቀነስና ስኳር ማስተካከል ደግሞ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

«ውጭ አገር ግን በቀን ብዙ ጉልበት የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ» የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ደጋግሞ የሚሠራ ሐኪምና ሆስፒታል ችግር እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ጉልበታቸው እጅግ የተጣመመ፣ ቀድሞ ተቀይሮ እንደገና መቀየር ያለበት፣ ወይም እዚህ ያለው ሐኪም ራሱ «ይህ ከአቅማችን በላይ ነው» ያላቸው ሰዎች ቢሄዱ አልቃወምም። የምቃወመው ያለ ምክንያት መሄድን ነው። የሚሄድም ቢሆን ሲመለስ የሚቀበለውን ሐኪም እዚህ ሳያዘጋጅ መሄድ የለበትም። ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ጊዜ በቅናሽ የሚል ሐሳብ ቢቀርብለት ደግሞ ልብና ስኳር ላለባቸው አዛውንቶች አደጋው እንደሚጨምር ይወቅ።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ቆርጣችሁ አስቀምጧቸው፤ ለሁሉም ሆስፒታል አንድ ዓይነት ጥያቄ ካላቀረባችሁ ዋጋ ማወዳደር አይቻልምና።

1. የኦፕሬሽኑ ስም ሙሉ በሙሉ ምንድን ነው? ሙሉ ቅየራ፣ ከፊል ቅየራ ወይስ ሌላ?

2. ይህን ኦፕሬሽን የሚሠራው ሐኪም ማን ነው? በዓመት ስንት ይሠራል?

3. የተተኪው ዕቃ አምራች፣ ዓይነትና ዋጋ ለብቻው ተጽፏል ወይ?

4. ስንት ቀን አልጋ ተካቷል? ቀኑ ቢጨምር፣ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ቢያስፈልግ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል?

5. ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ ተካቷል? ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላስ የት ይቀጥላል?

6. ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያክማል? በምን ዋጋ?

7. ሲወጡ የኦፕሬሽን ሪፖርቱ፣ ከኦፕሬሽን በፊትና በኋላ የተነሱት ራጆች፣ እንዲሁም በተተኪው ዕቃ ማሸጊያ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ቅጂ ይሰጠናል ወይ?

የመጨረሻዋን አትናቋት። በተለጣፊው ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና የምርት ቁጥር አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ክፍል ቢያረጅ ሐኪሙ የሚገጥመውን የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው። ከመታወቂያ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። እኛ ቤት ያ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ቀን ባልተንከራተትን ነበር።

ቤትንም ማዘጋጀት የዋጋው አካል ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ በዝቅተኛ ፍራሽና በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት መጠቀም ያስቸግራል። ከፍ ያለ ወንበር፣ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት፣ ክራንች ወይም የመራመጃ ድጋፍ፣ እንዲሁም ለስድስት ሳምንት ያህል አብሮ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለልጆች

ለመስጂዶቻችን ኮሚቴዎች አንድ አደራ አለኝ። ለሕክምና የሚሰበሰብ ገንዘብ የጀመዓው አማና ነው። ጨርቁ ከመነጠፉ በፊት በጀመዓው ውስጥ ያለ አንድ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ወረቀቱን ይይ። ከአገር ውስጥ ቢያንስ አንድ ፕሮፎርማ ይጠየቅ። ገንዘቡም በአገናኝ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይከፈል፤ አገናኞች ብዙ ጊዜ ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ታካሚ ከላኩበት ሆስፒታል ነውና ምክራቸው ከጥቅም የጸዳ አይደለም። ከተሰበሰበውም የተወሰነው ለመልስ ክትትል እዚህ ይቀመጥ። ይህ ታማሚውን ማጉላላት አይደለም። በአንድ እናት ላይ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ለሌላዋ እናት ይሆን የነበረ ነው።

በዐረብ አገርና በሌላውም ዓለም ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ለምትለፉ ልጆች ደግሞ እህታዊ ቃሌ ይህ ነው። «ውጭ አሳከምኳት» መባል ለእናት የሚደረግ በጎነት መለኪያ አይደለም። በስደት ላብ የተገኘ ገንዘብ ክቡር ነው። እናታችሁ ከአውሮፕላን ትኬት ይልቅ በየሳምንቱ ቤት መጥቶ ጉልበታቸውን የሚያሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊጠቅማቸው ይችላል። አክስቴ ባለፈው ዒድ ወንበራቸው ላይ ሰግደው ሲጨርሱ «ልጄ፣ እዚሁ ቢሠሩኝ ኖሮ ሐኪሜን በስሙ እጠራው ነበር» አሉኝ። የሠራቸውን ሐኪም ያዩት አንዴ ብቻ ነው፤ ስሙንም አያውቁትም።

ሺፋው ከአላህ ነው፤ መጠየቅና መመርመር ግን የኛ ድርሻ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።